የሚሽከረከረውን እየፈራን የሚወርደውን ረሳነው

ቶርኔዶ የባሕር ዳርቻና የሰፊ ሜዳ አገር ጣጣ ነው እንላለን። ታዲያ ከቦሌ እስከ አያት ጣሪያ ነቅሎ የሚሄደው ነፋስ ምንድን ነው?

ግንቦት ሲገባ ከጎሮ ወደ ሰሚት በሚወስደው መንገድ ዳር የሚነግዱ ሰዎች ከሰዓታቸው ይልቅ ሰማዩን ያምናሉ። ጠዋቱ ጥርት ያለ ነው። ረፋድ ላይ በየረር ተራራ አናት ነጭ ዳመና ይከመራል። ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ቀጭን የአቧራ ዓምድ ተነሥቶ ፌስታልና የደረቀ ቅጠል እያዞረ ያልፋል። ልጆች እየጮሁ ይከተሉታል። አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ያማትባሉ። ዓምዱ አጥር ጥግ ደርሶ ይበተናል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ አየሩ ፀጥ ይላል። ቡና የምታፈላው ልጅ ስኒዎቿን ከረከቦቱ ላይ መሰብሰብ ትጀምራለች። ከዚያ ከየረር በኩል ቀዝቃዛ፣ አፈር አፈር የሚሸት ነፋስ ከተፍ ይላል። ዣንጥላው ከነእግሩ ይነቀላል፣ የአጥሩ ቆርቆሮ ይንኳኳል፣ በጅምር ሕንፃ ላይ የተወጠረው አረንጓዴ መረብ ተቀዶ ይውለበለባል። ደቂቃ ሳይሞላ ወጨፎው ይደርሳል፣ በላዩም በረዶው። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ሲያምስ ቆይቶ ያባራል፤ ፀሐይም ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሳ ትወጣለች። ሰው በየበሩ ብቅ ብሎ የማን ጣሪያ እንደሄደ ያያል።

ማታ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረው ቪዲዮ የስድስት ሰዓቱ ነው። «ቶርኔዶ አዲስ አበባ ገባ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። የዘጠኝ ሰዓቱን ማንም አልቀረጸውም፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ሮጦ ነበርና። ጣሪያ የወሰደው ግን እሱ ነው።

## ከዳመና የሚንጠለጠለው

ቶርኔዶ ከነጎድጓድ ዳመና ሥር ወርዶ መሬት የሚነካ፣ በኃይል የሚሽከረከር የአየር ዓምድ ነው። ከላይ ዳመና ከሌለው፣ ከታችም መሬት ካልነካ ቶርኔዶ አይባልም። በብዛት የሚታየው በአሜሪካ ሲሆን በዓመት ከ1,000 በላይ ይመዘገባል። አብዛኛው ደካማና ዕድሜው አጭር ነው። ጥቂቱ ግን በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ በሚከንፍ ነፋስ መንደሩን ጠራርጎ ይሄዳል።

እንዲህ ያለ ነገር እንዲፈጠር አራት ሁኔታዎች በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት መገጣጠም አለባቸው። የመጀመሪያው ከመሬት አጠገብ ያለ ሞቃትና እርጥብ አየር ነው። ሁለተኛው ከበላዩ የተኛ ቀዝቃዛ አየር ነው፤ የታችኛው አንዴ መነሣት ከጀመረ የሚያቆመው እንዳይኖር የሚያደርገው እሱ ነው። ሦስተኛው የመጀመሪያውን ግፊት የሚሰጥ ነገር ነው፤ ተራራ ሊሆን ይችላል፣ የሁለት ነፋሳት መጋጠሚያ ሊሆን ይችላል፣ እየገፋ የሚመጣ ብርድ አየርም ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሦስቱ ነጎድጓድ ለማምጣት ይበቃሉ። ለኃይለኛ ቶርኔዶ አራተኛው ይጨመራል፤ ነፋሱ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱንና አቅጣጫውን መለወጥ አለበት። አብራሪዎች ዊንድ ሺር የሚሉት ይህንኑ ነው።

መሬት ላይ ከደቡብ ለስለስ ያለ ነፋስ እየነፈሰ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከፍ ሲባል ደግሞ ከምዕራብ ብርቱ ነፋስ ካለ፣ በሁለቱ መካከል ያለው አየር እንደተጋደመ ይዞራል። ጥጥ የምትፈትል ሴት እንዝርቷን መጀመሪያ ጭኗ ላይ አጋድማ ታሾረዋለች፤ ክሩን ይዛ ወደ ላይ ስትስበው እየሾረ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ነጎድጓድ ሲያድግ ወደ ላይ የሚስበው አየርም ያንን የተጋደመ ሽክርክሪት እንዲሁ አንሥቶ ያቆመዋል። ዳመናው ራሱ መዞር ይጀምራል። ከሥሩ ያለው ሽክርክሪት እየጠበበ በሄደ ቁጥር ይፈጥናል፤ መሬት ሲነካ ቶርኔዶ ሆነ ማለት ነው። ያም ሆኖ የሚዞር ዳመና ሁሉ ቶርኔዶ አይወልድም፤ አብዛኛው ሳይወልድ ይበተናል።

> ሙቀት፣ እርጥበትና ግፊት ነጎድጓድ ያመጣሉ። ዳመናውን የሚያዞረው ግን በየከፍታው የሚለያየው ነፋስ ነው።

## ባሕር ሲጨመርበት

የባሕር ዳርቻ ከአራቱ የመጀመሪያውን፣ ሞቃትና እርጥብ አየሩን፣ ያለ ገደብ ያቀርባል። ሦስተኛውንም በየቀኑ ይሠራዋል። ቀን ላይ የብስ ከባሕር ቶሎ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ሲነሣ ቀዝቀዝ ያለው የባሕር አየር ሊተካው ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ሁለቱ በሚጋጠሙበት መስመር ላይ አየር ወደ ላይ ይገፋል፣ ትንንሽ ሽክርክሪቶችም ይፈጠራሉ። ከነዚህ አንዱ እያደገ ካለ ዳመና ሥር ከዋለ ተስቦ ይረዝማል። ባሕር ወይም ሐይቅ ላይ ሲሆን ውሃውን እየጠጣ ወደ ሰማይ የሚወጣ ይመስላል። የሚታየው ነጭ ዓምድ ግን በአብዛኛው በአየሩ ውስጥ የነበረ እርጥበት ሲቀዘቅዝ የፈጠረው ጠብታ ነው፤ ከውሃው የተነሣው ከሥር ያለው ርጭት ብቻ ነው። በፍሎሪዳ ደቡባዊ ደሴቶች ይህ ተራ ነገር ነው። ወደ እኛ ሲቀርብ የቪክቶሪያ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ያውቁታል።

ሁለተኛው የዳርቻ መንገድ በትልቁ የውቅያኖስ አውሎ ነፋስ፣ በሳይክሎን ወይም በሀሪኬን በኩል ነው። አውሎው የብስ ሲረግጥ ከመሬት አጠገብ ያለው ነፋስ በዛፍና በሕንፃ ተይዞ ይዘገያል፤ ከላይ ያለው ግን እንደፈጠነ ይቀጥላል። አራተኛው ሁኔታ በዚሁ ተሟላ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሀሪኬን ኢቫን አሜሪካ ሲገባ ከ100 በላይ ቶርኔዶዎች አስከትሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ደግሞ ሀሪኬን ሚልተን ገና የፍሎሪዳን ምዕራባዊ ዳርቻ ሳይረግጥ፣ ቀድመውት የተነሡ ቶርኔዶዎች በምሥራቅ በኩል ሰው ገድለዋል።

በታሪክ እጅግ ብዙ ሰው እንደጨረሰ የሚነገርለት ቶርኔዶ እርጥበቱን ያገኘው ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1989 በባንግላዴሽ ዳውላትፑርና ሳቱሪያ የሚባሉትን አካባቢዎች መታ፤ 1,300 ያህል ሰው አለቀ። ከባሕሩ የመጣው እርጥብ አየር ከምዕራብ ከመጣ ደረቅ አየር ጋር ሲገናኝ፣ ደካማ ቤቶች በተጨናነቁበት አገር ላይ የሆነው ይህ ነው።

ቦሌ የባሕር ዳርቻን ነጎድጓድ በሐዘንም ያውቀዋል። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌሊት ከቤሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 409 በነጎድጓዳማ ሰማይ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ በርሮ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ወደቀ። የተሳፈሩት 90 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። በአደጋው መንስኤ ላይ የሊባኖስ መርማሪዎችና አየር መንገዱ አልተስማሙም። የዚያ ወቅት ሰማይ ግን በዚያ ዳርቻ የታወቀ ነው። በብርዱ ወራት ከሰሜን የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር ገና ሙቀቱን ባልጨረሰ ባሕር ላይ ሲያልፍ ከሥሩ ይሞቅና ሌሊትም ቢሆን ያገሳል።

የባሕር እርጥበት ከዳርቻው ርቆም ይጓዛል። ዳላስ ዘመድ ያለው የቦሌ ሰው ይህን በስልክ ሰምቶታል። ከዳላስ አጠገብ ያለችው ጋርላንድ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2015 በገዳይ ቶርኔዶ ስትመታ ባሕሩ ያለው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነበር። ሳይረኑ ሲጮህ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ገብተው ወደ አገር ቤት የሚደውሉ ሰዎች፣ ከዚህኛው ጫፍ «ጸልዩ» ከማለት በቀር የሚነገራቸው የለም።

እኛ ወደብ ባይኖረንም የባሕሩ አውሎ አልተወንም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ሳይክሎን የኤደንን ባሕረ ሰላጤ አቋርጦ ሶማሌላንድን ሲመታ ጎርፉ እስከ ሶማሌ ክልል ዘልቋል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጋቲ የተባለው የሶማሊያን ዳርቻ ከመቱትና ከተመዘገቡት ሁሉ ብርቱው ሆኖ ገባ። እንዲህ ያለው አውሎ የብስ ላይ ሲደርስ የሚመግበውን ሞቃት ውሃ ያጣል፤ ደጋው ሲገጥመው ደግሞ ይሰባበራል። አዲስ አበባ የሚደርሳት ቢኖር ዳመናውና እርጥበቱ ነው።

## የእኛ ነጎድጓድ ከምን ይሠራል?

አዲስ አበባ ከባሕር ብትርቅም ዝናቧ የባሕር ነው። የበልጉ እርጥበት በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር አቅጣጫ ይመጣል። ክረምት ላይ ነፋሱ ይገለበጥና ከአትላንቲክና ከኮንጎ ተፋሰስ በኩል የሚመጣውም ይጨመርበታል። በበጋ ደረቁ የምሥራቅ ነፋስ ይነግሣል። የቦሌ ማኮብኮቢያዎች አቀማመጥ ከዚህ ነፋስ ጋር ይሄዳል። ጫፎቻቸው 07 እና 25 የሚል ቁጥር አላቸው፤ በኮምፓስ 70 እና 250 ዲግሪ ማለት ነው። አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ ስለሚነሣና ስለሚያርፍ፣ ማኮብኮቢያ ከተማዋን የሚያዘወትረው ነፋስ ከየት እንደሆነ ይጠቁማል።

ግፊቱን የሚሰጡት ተራሮቹ ናቸው። በሰሜን እንጦጦ፣ በምሥራቅ የረር፣ ሁለቱም ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። ከተማዋ ወደ አቃቂ ስትወርድ 2,100 ሜትር ገደማ ትደርሳለች። ፀሐይ ሽቅቡን ስታሞቀው አየር ከአቃቂ ሜዳ በቦሌ ቡልቡላ በኩል ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። ለዚህ ነው ዳመናው መጀመሪያ በተራሮቹ አናት የሚታየው። ለዚህም ነው ዝናቡ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው።

በረዶውም ምክንያት አለው። በእኛ ኬክሮስ ውሃ የሚረጋበት ከፍታ ከባሕር ጠለል 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ባሕር ዳር ባለችው ሞምባሳ ላይ በረዶ ከዚያ ተነሥቶ መሬት እስኪደርስ 5 ኪሎ ሜትር በሞቃት አየር ውስጥ ይወርዳል፤ መንገድ ላይ ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። ቦሌ ግን 2,300 ሜትር ላይ ስላለች የሚቀረው መንገድ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። የረጋው ሳይቀልጥ ቆርቆሮው ላይ ይደርሳል።

ስለዚህ ሙቀቱ አለ፣ እርጥበቱ አለ፣ ግፊቱም አለ። የሚጎድለው አራተኛው ነው።

## ቦሌ ላይ ለምን አይቆምም?

ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚበረታ ነፋስ የሚወለደው ብርድና ሙቀት በሰፊው ከሚፋጠጡበት ቦታ ነው። አሜሪካ ላይ የካናዳ ብርድ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሙቀት ጋር ይገናኛል፤ በላያቸው ብርቱ የነፋስ ጅረት ይፈሳል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቃ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያለው ሙቀት ከአገር አገር ብዙም አይለያይም፤ በታችኛው ሰማይ ያለው ነፋስም ብዙ ጊዜ ለዘብ ያለ ነው። ክረምት ላይ በላያችን ብርቱ የምሥራቅ ጅረት ይሮጣል፤ ግን እሱ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቶርኔዶ የሚፈልገው ልዩነት ደግሞ ከሁሉ በላይ ከመሬት አጠገብ ባሉት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ነው።

የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ግን «ፈጽሞ አይሆንም» ማለት አይወዱም። የሁለት ነፋሳት መጋጠሚያ ላይ ትንሽ ሽክርክሪት ካለና በላዩ ዳመና በፍጥነት ካደገ፣ ደካማና አጭር ቶርኔዶ የትም ሊወለድ ይችላል። ባሕር ላይ የሚታየው ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ከሥሩ ውሃ በመሬት መተካቱ ነው።

ሕፃናት የሚከተሉት የስድስት ሰዓቱ ዓምድ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። እሱ ዳመና አያስፈልገውም፤ እንዲያውም የሚወደው ጥርት ያለ ሰማይን ነው። የጋለ መሬት ከላዩ ያለውን አየር ያሞቀዋል፣ አየሩ ድንገት ይነሣል፣ ከጎን ሊተካው የሚሮጠው ደግሞ እየዞረ ይገባል። ከታች ወደ ላይ የሚሠራ የፀሐይ ልጅ ነው። ምሥራቅ አዲስ አበባ ተመቻችታ ትጠብቀዋለች። ከአስፋልት ጎን የተቆፈረ መሠረት፣ ከሕንፃ ጎን ባዶ ሜዳ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ዋልካ፣ ለጅምር የተራገፈ አሸዋ በየቦታው አለ። ሲኤምሲና አያት የእርሻ መሬት ሳሉ የሚያውቋቸው አዛውንቶች ያኔ አቧራው እንዲህ አልነበረም ይላሉ።

ስለ እሱ ያለው አስተያየት እንደ ሰዉ ነው። እናቶች ጋኔን ነው ብለው ያማትባሉ፣ ልጅ መካከሉ እንዳይገባ ይጮኻሉ። ልጆች ደግሞ መካከሉ ለመግባት ይሽቀዳደማሉ። ካህናት ኤልያስ በዐውሎ ነፋስ ማረጉን አንሥተው፣ ነፋስ ሁሉ የሰይጣን አለመሆኑን ያስተምራሉ። የግንባታ ተቆጣጣሪዎች የሚያስቡት ስለተከፈተ የሲሚንቶ ከረጢት ነው። አንዳቸውም ቢሆኑ በእሱ ምክንያት ጣሪያ አጥተው አያውቁም።

## የሚወርደው

ነጎድጓድ እስኪበስል ድረስ አየር ወደ ላይ ይስባል። ሲበስል ግን በውስጡ ያንጠለጠለው ዝናብና በረዶ ይከብደዋል፤ መውደቅ ሲጀምር አየሩን ይዞት ይወርዳል። ከዳመናው ሥር ያለው አየር ደረቅ ከሆነ ጠብታው መንገድ ላይ ይተናል፤ በረዶውም ይቀልጣል፤ ሁለቱም ከአየሩ ሙቀት ይወስዳሉ። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ነው፤ ይበልጥ ይፈጥናል። መሬት ሲመታ የሚሄድበት ስለሌለው በሁሉም አቅጣጫ ይረጫል። ስፋቱ ከ4 ኪሎ ሜትር የማይበልጠው ማይክሮበርስት ይባላል። የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ነፋሱ ግን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ብርቱው ከደካማ ቶርኔዶ ጋር ይተካከላል፣ አልፎ አልፎም ይበልጠዋል።

ይህን ለዓለም ያስረዳው ቴትሱያ ፉጂታ የተባለ ጃፓናዊ ሳይንቲስት ነው። የቶርኔዶ መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣውም እሱ ነው። ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ አቶሚክ ቦምብ የወደቀባቸውን ናጋሳኪንና ሂሮሺማን ዞሮ ሲመረምር ዛፎቹ ከአንድ መካከል ወደ ውጭ ተረጭተው መውደቃቸውን አይቶ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ በአውሎ የተመታ ጫካ ላይ ሲበር ያንኑ ቅርጽ አየ። ቶርኔዶ ያለፈበት ቦታ ወዳድቆ የሚገኘው ነገር የተጠማዘዘና ወደ አንድ መስመር የተሰበሰበ ነው። ይህ ግን የተረጨ ነበር። አንድ ነገር ከላይ ወርዶ መሬቱን መትቷል ማለት ነው።

የባሕር ዳርቻው እዚህም ይገባል። እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 1975 በኒው ዮርክ ኬኔዲ አየር ማረፊያ ሊያርፍ የነበረ የኢስተርን አየር መንገድ ቦይንግ 727 ከማኮብኮቢያው አጠገብ ወድቆ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ከባሕሩ የሚገባው ነፋስና ነጎድጓዱ በአየር ማረፊያው ላይ ተገናኝተው ነበር። ፉጂታ መረጃውን መርምሮ ከዳመናው የወረደ ነፋስ ነው የጣለው አለ። ብዙ ባልደረቦቹ ለዓመታት አላመኑትም። እ.ኤ.አ. በ1985 በዳላስ የዴልታ አውሮፕላን በተመሳሳይ ሁኔታ ከወደቀ በኋላ በአሜሪካ አውሮፕላኖች የዊንድ ሺር ማስጠንቀቂያ መሣሪያ እንዲይዙ ግዴታ ሆነ።

> ቶርኔዶ ያለፈበትን ነገር ያጠማዝዛል፤ የሚወርደው ነፋስ ይረጫል። የወደቀውን ዛፍ ያየ ማን እንደጣለው ይለያል።

## ማኮብኮቢያው ላይ

ለማረፍ የሚወርድ አውሮፕላን እንዲህ ያለው ነፋስ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ ነው። ክንፉ ከፍ ያደርገዋል፤ ያልጠረጠረ አብራሪ ኃይል ይቀንሳል። ወዲያው መካከሉ ላይ ወደ ታች የሚገፋው ያገኘዋል፣ ቀጥሎም ከኋላ የሚመጣ ነፋስ። ክንፉ የያዘው ነፋስ በሰከንዶች ውስጥ ይከዳዋል። ለዚህ ነው አብራሪዎች ማይክሮበርስትን ከመጋፈጥ መሸሽን የሚመርጡት።

ቦሌ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ነው፤ ጥግግቱ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩም ክንፉም የሚያገኙት አየር ያነሰ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለመነሣት ይበልጥ መሮጥ አለበት፤ ማኮብኮቢያው 3,800 ሜትር ያህል የሆነውም ያለ ነገር አይደለም። አብራሪዎች ስለ ቦሌ ሲያወሩ ከፍታውንና የከሰዓቱን ዳመና አያይዘው ያነሣሉ። በበልግና በክረምት ከሰዓት በኋላ መንገደኛ «አየር ላይ እየዞርን ነው» ብሎ የሚያጉረመርምበት ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ዳመናው ከማኮብኮቢያው ጫፍ እስኪያልፍ የሚጠበቅበት ነው። ሊያርፍ የነበረው አውሮፕላን መሬት ሊነካ ሲል አፍንጫውን አቅንቶ ተመልሶ ሲነሣም መንገደኛው ይደነግጣል። ለአብራሪው ግን ያ የተለመደና የተጠና ውሳኔ ነው።

ስስ አየር አንድ ጥቅም አለው። በተመሳሳይ ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ቦሌ ላይ ግድግዳና ጣሪያ የሚገፋበት ኃይል ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። እንዲያም ሆኖ ጣሪያዎቻችን ይሄዳሉ።

## ጣሪያው ላይ

ቆርቆሮ ከላይ ተጭኖት አይነቀልም፤ ተመንጭቆ ነው። ነፋሱ በጣሪያው ጠርዝ ላይ ሲያልፍ ከላይ ይስባል። በር ወይም መስኮት ክፍት ከሆነ ደግሞ ውስጥ የገባው ከሥር ይገፋል። ሁለቱ ሲደመሩ ምስማሩ ከሞራሌው ይነቀላል። መጀመሪያ የሚሄደው ጠርዙና ማዕዘኑ ነው፤ እሱ ከተከፈተ ሌላው እንደ ገጽ ይገለበጣል።

ቆርቆሮ የሚመቱ ሠራተኞች ችግሩን ያውቁታል። ቆርቆሮ ገዢ የሚጠይቀው ቀለሙንና ዋጋውን እንጂ ጌጁን አይደለም ይላሉ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብረቱ እንደሚሳሳ የማያውቅ ብዙ ነው። 35 ጌጁ ከ28ቱ የሚወፍር እየመሰለው ርካሽ አገኘሁ ብሎ የሚሄድ አለ። ምስማር ለመቆጠብ አንድ ማዕበል በመዝለል ፈንታ ሦስትና አራት ይዘለላል። ጎማ የሌለው ምስማር ይመታል፤ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ውሃ ይገባል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስማሩ የሚይዘው ያጣል። ሞራሌው ራሱ ከግድግዳው ጋር በፌሮ ካልታሰረ ደግሞ ጣሪያው ከነእንጨቱ ይሄዳል።

ጣሪያ ላይ የተቀመጠው ሮቶ ሌላው ነው። ሺህ ሊትር ውሃ የሞላ ሮቶ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ነፋስ በቀላሉ አያንቀሳቅሰውም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ ባዶው ሁለት ሰው የሚሸከመው ፕላስቲክ ነው። ሰፊ ገላውን ለነፋስ ሰጥቶ በአራት ፎቅ ላይ ሲቀመጥ የሚይዘው የቧንቧው አንገት ብቻ ይሆናል። የባሕር ዛፍ መወጣጫ፣ የማስታወቂያ ሸራ፣ የሳተላይት ዲሽ፣ ያልታሰረ የአጥር ቆርቆሮ፣ ሁሉም በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። እንዲህ ባለው ቀን ሰውን የሚጎዳው ከነፋሱ ይልቅ ነፋሱ ያነሣው ዕቃ ነው።

> ሙሉ ሮቶ አንድ ቶን ነው። ባዶው ለነፋስ የተዘረጋ ሸራ ነው።

## ትንበያው እስከ የት ይደርሳል?

በኢትዮጵያ የአየር ጠባይ ሥራ ያደገው በአቪዬሽን ጉያ ነው። በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት እስኪቋቋምለት ድረስ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ነበር። ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየወቅቱና በየቀኑ ትንበያ ያወጣል፤ አየር ማረፊያ ላይ ደግሞ ተመልካቾች የነፋሱን አቅጣጫ፣ የዳመናውን ዓይነትና ነጎድጓዱን በኮድ እየጻፉ ለአብራሪዎች ያስተላልፋሉ። አውሮፕላኑ የሚያገኘው ማስጠንቀቂያ ግን ለቡና ሻጯ አይደርሳትም።

ነዋሪው በትንበያ ላይ የሚያነሣው ቅሬታ የታወቀ ነው፤ «ይዘንባል» ሲሉ ፀሐይ ይወጣል፣ ዝም ሲሉ በረዶ ይጥላል ይላል። ባለሙያው የሚመልሰውም የታወቀ ነው። ነገ ከሰዓት በምሥራቅ አዲስ አበባ ነጎድጓድ የሚፈጠርበት ሁኔታ መኖሩን መናገር ይቻላል። አያት ላይ ነው ወይስ ቦሌ አራብሳ ላይ የሚለው ግን ዳመናው ካደገ በኋላ፣ በራዳርና በሳተላይት እየተከታተሉ፣ በደቂቃዎች ልዩነት የሚነገር ነገር ነው። የጥቂት ደቂቃ ዕድሜ ያለውን የሚወርድ ነፋስ ከአንድ ቀን በፊት ለሰፈር ለይቶ የሚነግር አገር የለም፤ አሜሪካም ለቶርኔዶ የምትሰጠው ማስጠንቀቂያ በአማካይ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

ዓለም በሞቀች ቁጥር አየር የሚይዘው እርጥበት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 7 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ይህ ለነጎድጓድ ተጨማሪ ነዳጅ ነው። ከተማዋም ወደ ምሥራቅ እየሰፋች፣ የረር ላይ የሚያድገው ዳመና የሚያገኘው ጣሪያ በየዓመቱ እየበዛ ነው። ትናንት ጤፍ ላይ የወረደው በረዶ ዛሬ በቆርቆሮና በመስታወት ላይ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ቶርኔዶን መፍራት ምን ይጠቅማል? ቶርኔዶ ቢመጣ ከመደበቅ በቀር የሚደረግ የለም። የሚወርደው ነፋስ ግን በአብዛኛው የሚያሸንፈው ያልታሰረን ነገር ነው። የጣሪያውን ጠርዝና ማዕዘን ምስማር ማጠንከር፣ ሞራሌውን በፌሮ ከግድግዳው ማሰር፣ ሮቶውን በብረት ቀበቶ መያዝ፣ መወጣጫውን በየፎቁ ከሕንፃው ማያያዝ፣ ሰማዩ ሲጠቁር በርና መስኮት መዝጋት ይቻላል። የአንድ ቀን ሠራተኛና የጥቂት ኪሎ ምስማር ወጪ ነው። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ለጥበቃና ለጽዳት እንደሚያዋጣ ለዚህም ሊያዋጣ ይችላል፤ ሕንፃ ተቆጣጣሪም የብረቱን ውፍረት የሚለካውን ያህል ወደ ጣሪያው ቀና ማለት ይችላል። ጊዜው የካቲት ነው፤ በልጉ ሳይበረታ፣ ቆርቆሮው ደርቆ ሰው ሊወጣበት ሲችል። ግንቦት ላይ መሰላል ፍለጋ የሚሯሯጥ ዘግይቷል።